ኳሱ መኪናው ስር ባይገባ ኖሮ

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ትንሹ ልጄ ግቢ ውስጥ ኳስ ይጠልዛል። ኳሱ አሁንም አሁንም መኪናው ስር ይገባል። ሁለት ጊዜ በመጥረጊያ እንጨት አወጣሁለት። በሦስተኛው ግን መሃል ድረስ ተንከባሎ ቆመ። እያጉረመረምኩ ጆንያ አነጠፍኩና በሆዴ ተኛሁ።

ኳሱን ስስብ ዓይኔ የኋላው ግራ ጎማ ላይ አረፈ። በየቀኑ የማየው ጎማ አልመስልህ አለኝ። ከውጭ ቆመህ ስታየው ጥርሱ ደህና ነው፤ ገና አንድ ዓመት ያስኬዳል ትላለህ። በውስጥ በኩል ግን ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ዙሪያውን ሊሾ ሆኗል። እጄን ሰድጄ ዳበስኩት። የሆነ ነገር ጣቴን ጫር አደረገኝ። ሽቦ ነው።

በዚያው ቀን ጠዋት ልጆቹን ጭኜ፣ በዝናብ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት ወርጄ ነበር። በዚሁ ጎማ። ኳሱን ለልጁ ወረወርኩለትና እዚያው ጆንያው ላይ ትንሽ ቆየሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆንክ?»

«ምንም። ጎማ እያየሁ ነው።»

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ትወጣለህ፣ የእንጦጦን ሸንተረር ትሻገራለህ፣ ከዚያ ሜዳው ይከፈትልሃል። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ ነው። ሯጮች በመንገዱ ዳር እንደ ጥላ ያልፋሉ። ድርቆሽ እስከ ሰማይ የቆለለ አይሱዙ ከፊትህ ያዘግማል። እኔ ጠዋት ወደ ከተማ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ደርሶ መልስ 50 ኪሎሜትር ቢሆን ነው። ከዋናው አስፋልት እስከ ቤቴ ያለው ሦስት ኪሎሜትር ግን ሌላ ዓለም ነው። መጀመሪያው ኮብልስቶን ነው። ቀጥሎ ፒስታ ይመጣል። የመጨረሻው ክፍል ስም የለውም። ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ በጋ ላይ እንደ መጥረቢያ የተሳለ ድንጋይ።

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ፣ እኔም እንደ ብዙው ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ዞርኩ። መኪናዬ ከቻይና የመጣች የቮልስዋገን አይዲ ፎር ናት። ስክሪኗ ግማሹን አሁንም በቻይንኛ ነው የሚያወራኝ። ስገዛት ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የነዳጅ ሰልፍ የለ፣ ዘይት ቅየራ የለ፣ ፊልትሮ የለ፣ ካንዴላ የለ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ሁለት ጥያቄ ነበር፦ «በአንድ ቻርጅ ስንት ትሄዳለች?» እና «ባትሪው ሲሞት ምን ልታደርግ ነው?» ሁለቱንም መልስ በቃሌ ይዣለሁ። ጎማ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

እሁድ ጠዋት ቀስ ብዬ እየነዳሁ ሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። አስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ዝገት የበላት ኮንቴነር ናት። በሩ ላይ የተደረደረ አሮጌ ጎማ፣ ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል፣ እንደ ታመመ ሰው የሚያቃስት ኮምፕሬሰር። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። አንድ ረዳት ልጅ አላቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ችግሬን ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው አዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ስንት ኪሎ ናት?»

ስንት ትሄዳለች ሳይሆን ስንት ኪሎ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግኩ። 2,100 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ባዶዋን። ከዚህ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጋው ባትሪው ነው።

«ሁለት ቪትዝ በላት» አሉ ወደ ልጁ ዞር ብለው እየሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ። «ጎማ የሚበላው ክብደት ነው፣ እግር ነው፣ አቀማመጥ ነው። ያንተ ሦስቱም አለበት።»

ስለ እግሩ እውነታቸውን ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይሉን የሚሰጥህ ገና ከቆምክበት ነው። የእኔዋ 310 ኒውተን ሜትር ጉልበት አላት፤ ባለ አንድ ሺህ ሲሲው ቪትዝ 100 እንኳ አይሞላም፣ እሱንም የሚያገኘው ሞተሩ ሲጮህ ነው። እኔ ደግሞ መብራት ላይ ከቆምኩበት ስነሳ ሰው ወንበር ላይ ሲለጠፍ ማየት እወዳለሁ። አማቼን ሁለት ጊዜ አስደንግጫቸዋለሁ። እያንዳንዷ ማስደንገጥ ከኋላ ጎማ ላይ በምላጭ እንደ መላጨት ነበረች።

ያላሰብኩት ግን ቁልቁለቱን ነው። ከእንጦጦ ስወርድ እግሬን አነሳለሁ፤ መኪናዋ ራሷ ትይዛለች፤ ባትሪው ትንሽ ይሞላል። በየቀኑ ከመንግሥት ገንዘብ እንደማገኝ ነበር የምደሰተው። ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። ስለዚህ ሽቅብ ስወጣ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፤ ቁልቁል ስወርድ የሚይዛትም የኋላ ጎማ ነው። የፊቶቹ መሪ ከመከተል ያለፈ ብዙ ሥራ የላቸውም። የኋላዎቹ ጠዋትም ማታም ሲገበሩ ከርመዋል።

አቀማመጥ ያሉት ደግሞ አላይመንቱን ነው። መኪናዋን ከያዝኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድም ቀን አላስለካሁም። ያንን ሦስት ኪሎሜትር በቀን ሁለቴ እየተመላለስኩ! ጎማው በትንሹ ወደ ውስጥ ካዘመመ ወይም ፊቱን ካዞረ፣ ክብደቱ ሁሉ በውስጥ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ከውጭ አይታይህም። ሆድህ ላይ ካልተኛህ አታየውም።

«በቪትዝ ጊዜ የኋላውን ወደ ፊት አዙረን አዳርሰን እንጨርሰው ነበር» አሉ ጋሼ። «የዚችኛዋ አይዞርም።» ጎኑን በእጃቸው ጠረግ አድርገው አሳዩኝ። የፊቱ 235/55 R19 ይላል። የኋላው 255/50 R19። የኋላው ሰፋ ያለ ነው፤ ቸርኬውም እንዲሁ። ስለዚህ የፊትና የኋላ ማቀያየር የለም።

እዚያው ኮንቴነር ጥላ ስር ተቀምጬ የጎማን ጎን ማንበብ ተማርኩ። ሰው ይህን ሳያውቅ መኪና መንዳቱ አሁን ይገርመኛል። 255 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊሜትር ነው። 50 ማለት የጎኑ ቁመት የስፋቱ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። R19 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ይህን ያህሉን ሁሉም ሻጭ ያውቀዋል። ዋናው ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ትንሽ ቁጥር ናት። የእኔ 103T ይላል። T ፍጥነት ነው፣ እስከ 190። ሱሉልታ ላይ 190 የሚነዳ ካለ ጎማ ሳይሆን ጸሎት ነው የሚያስፈልገው። 103 ግን የጭነት ቁጥር ነው። አንድ ጎማ 875 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። የቪትዟ 165/70 R14 ላይ 81 ተጽፎ ታገኛለህ፤ 462 ኪሎ ነው። ልዩነቱን እይ። ቁጥሩ ኪሎውን በቀጥታ አይናገርም፣ ሰንጠረዥ አለው። ያም ሆኖ ደንቡ ቀላል ነው፦ መኪናው ይዞት ከመጣው በታች አትውረድ።

ሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ከተማ ወረድኩ። የወረድኩት በሃያ እና ሠላሳ ፍጥነት ነው፤ ከኋላዬ የነበሩ ታክሲዎች ዘር ማንዘሬን አንስተውብኛል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም። እናንተ እስክታነቡት ይለወጣል።

የመጀመሪያው ሱቅ ልጅ በጣም ትሁት ነው። «እንኳን ደህና መጡ አባቴ» አለኝ። አባቱ ለመሆን ዕድሜዬ አይበቃም፤ ግን ዋጋ ከመጠራቱ በፊት የሚመጣ አክብሮት እንደሆነ ገባኝ። ትክክለኛውን መጠን አወጣ። ጎማው ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ትንንሾቹ የላስቲክ ፀጉሮች እንኳ አልተነቀሉም። አዲስ ነው። ጋሼ ከመሄዴ በፊት «የተሠራበትን ቀን ሳታይ ብር እንዳታወጣ» ብለውኝ ስለነበር ጎኑን መፈለግ ጀመርኩ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 3817።

«ይኸው 17 ይላል» አለኝ ልጁ። «የአምና ነው። ትኩስ!»

ለአንድ ሰከንድ አመንኩት። ዘንድሮ 2018 ነው፣ አምና 2017 ነበር፤ ልክ ነዋ። ከዚያ ነገሩ ብልጭ አለልኝ። ቻይና ጳጉሜን መቼ አላት? ቁጥሩ የፈረንጆቹ ነው። 38ኛ ሳምንት፣ 2017። በእኛ መስከረም 2010 ማለት ነው። ጎማው መጋዘን ውስጥ ስምንት ዓመት ተኝቷል። ትንሹ ልጄ ያኔ አልተወለደም።

«ወንድሜ፣ ይሄኮ በእኛ 2010 ነው» አልኩት።

ልጁ ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ቁጥሩን አየ። እያታለለኝ ነበር ለማለት አልደፍርም። እውነት የማያውቅ ነው የመሰለኝ፤ ፊቱ ላይ የነበረው እፍረት ሳይሆን ግርምት ነበር። ጎማ ተቀምጦም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዙ ይቀንሳል፤ ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ስንጥቅጥቅ ይላል። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አዲስ አይባልም። አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ሰውዬ ብልጥ ነው። መኪናዬን ሲሰማ «255 ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። «አራቱንም 235 አድርጋት። የፊትና የኋላ እያቀያየርክ ትነዳለህ። ግማሹ የአይዲ ነጂ እንዲህ ነው የሚያደርገው።» ሐሳቡ አማለለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ቁመታቸው እንኳ ተቀራራቢ ነው። ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር፣ የሁለቱ ጎማዎች ቁመት ልዩነት አራት ሚሊሜትር አይሞላም። ግን የ235ቱ ጎን ላይ ያለው ቁጥር 101 ነው። 825 ኪሎ። ከነበረው 50 ኪሎ ይወርዳል። ያውም ብዙ በሚሸከመው፣ በሚገፋውና በሚይዘው እግር ላይ። በዚያ ላይ ሰፊ ቸርኬ ላይ ጠባብ ጎማ ሲወጠር ጎኑ ይከፈታል፤ የቸርኬው ጠርዝ ለድንጋይ ይጋለጣል። ለእኔ ሰፈር ይህ ማለት በመጀመሪያው ክረምት ቸርኬ መስበር ነው። ዲፕሎማት ሆኜ «አስብበታለሁ» አልኩት። አስቤበታለሁም።

ያን ማታ ጎረቤቴ መጣ። እሱ የድሮ ናፍጣ ፒክአፕ አለው። ጎማው ትልልቅ ጥርስ ያለው፣ ለገጠር የሚሆነው ዓይነት ነው። እኔ ኤሌክትሪክ ስገዛ «ሞባይል ነው እንዴ የገዛኸው?» ብሎኝ ነበር። አሁን ዕድሉን አገኘ።

«እንደ እኔ አድርግባት። ይሄን ፒስታ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።»

የመንገዱን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ሆኖም እኔ ስሌቴን ጨርሼ ነበር። በቀን ከምነዳው 50 ኪሎሜትር ኮረኮንቹ ስድስት ነው። 44ቱ አስፋልት ነው፣ አብዛኛውም እርጥብና ቁልቁል። ለስድስቱ ብዬ ለ44ቱ የማይሆን ጎማ ላድርግ? ያ ትልልቅ ጥርስ ከባድ ነው። ሲንከባለል ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ባትሪው ቶሎ ያልቃል። ደግሞ ይጮኻል። በናፍጣ መኪና ውስጥ የጎማ ድምፅ አይሰማህም፤ ሞተሩ ይሸፍነዋል። የእኔዋ ሞተር ድምፅ የላትም። ስለዚህ የምትሰማው ጎማውን ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ የንብ ቀፎ ውስጥ ተቀምጬ ልውጣ?

«ጭቃ ላይ ስትቀር ደውልልኝ» አለኝ ጎረቤቴ፣ ቡናውን ጨርሶ።

ደውዬለት አውቃለሁ ለማለት ነው። አንድ ጊዜ። ሐምሌ ላይ።

አሁን ወደ ምርጫው ልምጣ። ሁለት ሌሊት ተኝቼበታለሁ፤ ባለቤቴ «ሚስት ስትመርጥ እንዲህ አስበህ ነበር?» ብላኛለች። ለኤሌክትሪክ መኪና ጎማ የሚመርጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ኪሎሜትሩን ነው። ቀላል የሚንከባለል ጎማ ይግዛና ቻርጁ ይቆይለት። እውነት ነው፣ ልዩነት አለው። ግን አንድ ነገር አለ፤ ያለቀ ጎማ ከአዲስ ይልቅ ቀለል ብሎ ይንከባለላል፣ ጥርሱ ስለሳሳ። ስለዚህ ያንኑ ጎማ አዲሱን እንኳ ብትገዛ መጀመሪያ ላይ ቻርጅህ ትንሽ ቀድሞ ያልቃል። ይህን የማያውቅ ሰው «የማይረባ ጎማ ሸጡልኝ» ብሎ ሲጣላ አይቻለሁ። ደግሞ እኔ በቀን 50 ኪሎሜትር ነው የምሄደው። ማታ ቤቴ እሰካታለሁ። 10 ኪሎሜትር ብትቀንስብኝ ማን ያስተውላል? የሚያሳስበኝ በጭጋግ ውስጥ፣ በዝናብ፣ ቁልቁለት ላይ ከፊቴ ያለው አይሱዙ በድንገት ሲቆም ነው።

በብዙ ጎማ ጎን ላይ፣ በተለይ አሜሪካ እንዲሸጥ ታስቦ በተሠራው ላይ፣ ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ትሬድዌር፣ ትራክሽን፣ ቴምፕረቸር። ትሬድዌር ቁጥር ነው፤ ትልቅ ሲሆን ብዙ ይቆያል ማለት ነው። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ ፋብሪካው ስለሆነ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ማወዳደር ብዙ አያዋጣም። ሻጮች የሚጮኹት ግን እሷን ነው፦ «500 ነው! አምስት ዓመት አትነካውም!» ትራክሽን ፊደል ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ ቀጥ ብለህ ስትቆም ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። ድርብ ኤ ከሁሉ ይበልጣል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። እኔ ጣቴን ያስቀመጥኩት እሷ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቆይ ጎማ ላስቲኩ ጠንከር ያለ ነው፤ በደንብ የሚይዝ ደግሞ ለስለስ ያለ። ሁለቱን አብሮ የሚሰጥህ ካለ ዋጋው ከልክ ያልፋል።

ሦስተኛው ሱቅ ላይ የፈለግኩትን አገኘሁ። 255/50 R19፣ 107፣ ኤክስ ኤል። 107 ማለት 975 ኪሎ ነው። ከነበረው 100 ኪሎ ይበልጣል። ኤክስ ኤል የሚለው ጎማ ተጨማሪ ጭነት እንዲችል ጠንክሮ የተሠራ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ከእሱም በላይ ኤች ኤል የሚል መጥቷል፣ ለእነዚህ ከባድ መኪኖች ተብሎ፤ በዞርኩባቸው ሱቆች ግን አላየሁትም። ኤክስ ኤሉ ትንሽ ይነጥራል። ጎኑ ደረቅ ያለ ስለሆነ ጉድጓዱን ወገብህ ላይ ይነግርሃል። ያንን መርጬ ነው የተቀበልኩት፤ ለስላሳ ጎን ለእኔ ሦስት ኪሎሜትር አይሆንም። የተሠራበት ቀንም የገዛሁበት ዓመት ነበር። በእነሱ አቆጣጠር፣ በስልኬ አረጋግጫለሁ።

ሁለት ብቻ ነው የገዛሁት። የፊቶቹ ገና ግማሽ ጥርስ አላቸው፤ በጥርሱ ስር 1.6 ሚሊሜትር ላይ የምትገኘዋ ምልክት ገና ሩቅ ናት። ጋሼ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ በአንድ መስመር፣ በግራና በቀኝ፣ ያሉት ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ የቀረውን ተወው።

መግጠሙ ላይ ልቤ ልትወጣ ነበር። ጋሼ ኮንቴነር ፊት መኪናዋን አቆምኩ። ረዳቱ ልጅ ክሪኩን ይዞ መጣ፤ ቀልጣፋ ነው። እንደለመደው ወደ መሃል ሰደደውና ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገ።

«አቁም! ባትሪ ነው! ባትሪ!»

ልጁ እጁን እሳት እንደነካው ሰው አነሳ። የመኪናዋ ሆድ ከዳር እስከ ዳር ባትሪ ነው። ክሪክ የሚያርፍበት ቦታ የተለየ ነው፤ ከፊት ጎማ በስተኋላና ከኋላ ጎማ በስተፊት፣ ጎን ላይ በጠነከረው የብረት ጠርዝ ስር። ተኝቼ በጣቴ አሳየሁት። ጋሼ መጡና አዩ። ከዚያ አሮጌ ጎማ ቆርጠው ክሪኩ ጫፍ ላይ አስቀመጡለት፣ ብረቱ እንዳይላጥ። «ባለፈው የአንዱን ኤሌክትሪክ ጎማ ብንፈታው ውስጡ ዙሪያውን ስፖንጅ ተለጥፎበታል» አሉኝ። «ፍራሽ አስገብተውበታል ብለን ስቀን ነበር።» ፍራሽ ነው በእርግጥ፤ ድምፅ እንዲውጥ የሚደረግ። ጎማው ሲቀደድና ሲለጠፍ በዚያ ቦታ ያለውን ስፖንጅ ማንሳት የግድ ነው። የእኔዎቹ ስፖንጅ የላቸውም። ዋጋው ላይ ስፖንጅ ለመጨመር አቅም አልነበረኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ስኮርት የላትም። መኪናዋ ስኮርት ሳይኖራት ነው የመጣችው። ለአንድ የሱሉልታ ሰው ይህ ያለ ጃንጥላ ሐምሌን እንደመጋፈጥ ነው። ትንሽ የኤሌክትሪክ ኮምፕሬሰርና ቀዳዳ መድፈኛ ገዝቼ ሻንጣዋ ውስጥ ከትቻለሁ። ጎኑ ከተቀደደ ግን ሁለቱም ዋጋ የላቸውም።

ነፋሱ ላይ ተከራከርን። የጋሼ መሣሪያ ላይ ያለው ጌጅ መስታወቱ ተሰብሯል፤ እሳቸው በመዶሻ እየነኩ ድምፁን አዳምጠው ነው የሚወስኑት። ለአይሱዙ ይሠራ ይሆናል። ለዚህ ጠንካራ ጎን ግን ጆሮም ዓይንም አይበቃም፤ በጣም ሲጎድልበት እንኳ የሞላ ይመስላል። ስለዚህ የራሴን ጌጅ ገዛሁ። የሚሞላው ቁጥር የሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ነው፤ ቻይንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነው። የሚለካው ጠዋት፣ ሳትነዳ፣ ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው።

ጌጁን ከገዛሁ በኋላ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህን ለሚወድ ሰው ነው የምጽፈው፣ ያልወደደ ይዝለለው። ጌጅ የሚለካው የጎማውን አየር ብቻ አይደለም፤ ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 36 ፒ.ኤስ.አይ የሞላኸው ጎማ፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ ሱሉልታ ቢደርስ 40 ገደማ ያሳይሃል። አየር አልተጨመረበትም፤ ከውጭ የሚጫነው አየር ነው የሳሳው። እንደዚሁ ከእኛ ሰፈር ተነስተህ በጎጃም መንገድ አባይ በረሃ ስትወርድ ከፍታው ብቻውን ሁለት ያህል ይቀንስብሃል፤ በረሃው ሙቀት ደግሞ መልሶ ያስገባልሃል። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «ታዲያ ለዚህ ነው አጎቴ ከአሰብ ሲመጣ ነፋስ የሚያስቀንሰው?» አሉ።

በማግስቱ አላይመንት ማሽን ያለው ጋራዥ አስለካሁ። የኋላው ግራ ከልኩ ወጥቶ ነበር፣ እንደጠበቅኩት። አስተካከሉት። ጎማ ቀይሮ አላይመንት አለማሰራት፣ ቀዳዳ ኪስ ውስጥ አዲስ ብር መክተት ነው። አሮጌዎቹን ጎማዎች ጋሼ ዘንድ ተውኳቸው። «በረባሶ ይሆናሉ?» አልኳቸው። «ይሄማ ሽቦው የሰው እግር ይቆርጣል» ብለው አንዱን መቀመጫ አደረጉት። ጫማ መሆን እንኳ አቃተው።

ከወር በኋላ የቸርኬውን ብሎን ላስጠብቅ ተመልሼ ሄድኩ። ቅዳሜ ነበር፣ ፀሐይ ወጥታለች። አንድ ሌላ ኤሌክትሪክ መኪና ቆማለች፣ ነጭ፣ ገና ቁጥሯ አዲስ። ባለቤቷ ስልክ ላይ ነው። «ነፋስ ብቻ ሙላልኝ፣ ቸኩያለሁ» እያለ በእጁ ምልክት ይሰጣል። ረዳቱ ልጅ የነፋሱን ቱቦ አላነሳም። አቧራው ላይ ጋደም አለና የሞባይሉን መብራት አብርቶ ከኋላ ጎማው ጀርባ አስገባ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ እጁን አስገብቶ ዳበሰ።

«ጋሼ» አለ ሳይነሳ፤ «ስልኩን ይዝጉትና እስቲ እዚህ ጋር ይተኙ።»